ለታቦት ማለፊያ የሚቆም ቅስት ንድፍ፣ ደብረ ብርሃን፦ ክሩ ከመነሻው እስከ መልስ 28

ክር የምለው በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ከአንድ ጽሑፍ ሥር የተከታተሉትን መልሶች ነው። መነሻው ጽሑፍ አጭር ነበር። ደብረ ብርሃን ያሉ የአንድ ሰፈር ወጣቶች ለጥር 10 ከተራ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቅስት ሊያቆሙ አስበዋል። ጠያቂው በስልክ የሠራውን ባለ ቀለም ምስል ለጥፎ ምን እንደሚጎድለው ጠየቀ። ምስሉ ላይ ሁለት ቋሚ፣ በመሐላቸው 6 ሜትር በ1.20 የሆነ ባነር፣ ከባነሩ በላይ ጎበጥ ያለ ቅስት፣ ጫፉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን የሐረግ ጌጥ ይታያል። ከመሬት እስከ ባነሩ ግርጌ 3.20 ሜትር ተጽፏል፤ ሌላ ልኬት የለም። ሥራው የሚካኤል ታቦት እስኪመለስ፣ ማለትም እስከ ጥር 12 ድረስ መቆም አለበት።

መልሶቹን በቁጥራቸው አስከትላለሁ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የሆኑትን አልፋቸዋለሁ፤ ሥራ ያለበት ላይ ቆም እላለሁ።

መልስ 1 የሥዕል መምህር ናቸው። ወጣቶቹን አመስግነው፣ የተለጠፈው ምስል ለኮሚቴ ማሳያ እንጂ አናጢ የሚሠራበት ንድፍ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱ። የሚያስፈልገው በኤ3 ወረቀት ላይ በ1፡20 ስኬል የተሣሉ ሦስት እይታዎች ናቸው፤ የፊት፣ የጎን እና የላይ። በዚያ ስኬል 6 ሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ወረቀቱ ላይ ከነልኬት ጽሑፉ ይበቃል። ቋሚውና አግዳሚው የሚገናኙበት ቦታ ግን ለብቻው በ1፡5 ይሣላል። ከሦስቱ ሁሉም ሰው የሚዘለው የጎን እይታው እንደሆነ አሰመሩበት። ቅስት የሚወድቀው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ነው፤ ያን የሚያሳየው ደግሞ የጎን እይታ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ነጥብ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ መልስ 1ን ደግማችሁ አንብቡት።

መልስ 2 ስለ ከፍታው ነው። ታቦት የሚሸከመው ካህን፣ ከራሱ በላይ ያለው ታቦትና መጎናጸፊያው፣ ከዚያ በላይ የሚያዘው ጥላ አንድ ላይ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። በረጅም ዘንግ ላይ ያለ መስቀል ሲጨመር 3.20 አይበቃም፤ ጥላ ያዡ ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ለታቦት ክብር አይሆንም። መልስ 3 ከፍ አደረገው። መንገዱ ለሦስት ቀን ከአምቡላንስና ከእሳት አደጋ መኪና ሊዘጋ ስለማይችል፣ የተጫነ አይሱዙም ከጥር 10 በፊት ማለፉ ስለማይቀር፣ ባዶው ከፍታ ከ4.50 ሜትር ማነስ የለበትም። ወደ ደሴ በሚያልፈው ዋና አስፋልት ላይ ግን ጭራሽ እንዳይሞከር ብሎ ቁርጥ ያለ ማሳሰቢያ ጨመረ።

በ4 ጠያቂው ከፍታውን 4.50 አድርጎ ተመለሰ። የባነሩ አናት 5.70 ላይ ይውላል ማለት ነው። ምን ዓይነት እንጨት እንደሚሻል ጠየቀ።

5 የአናጢ እጅ ያለበት መልስ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና፣ ርዝመቱ 7 ሜትር፣ ግርጌው 12፣ ጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር። ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ የቁመቱ አንድ አሥረኛ ሲደመር 60 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ለዚህ ቅስት 1.20 ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 10 አጠና በርካሽ ቢገኝም አይወሰድ፤ የክብ እንጨት ጽናት ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ ባለ 12ቱ 1.7 እጥፍ ይበረታል። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ አጠና ደግሞ ከባድ ነው፤ ሲደርቅም ጫፉ ይሰነጠቃል። ሚስማር ጫፉ አጠገብ ሲመታበት ወዲያው ይፈነዳል። ስለዚህ መጋጠሚያው በትራፓኖ ተበስቶ በ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከነሮንዴላው ይታሰር፤ ሚስማር የሐረጉን ጣውላ ለመያዝ ብቻ ይዋል። 6 በዚህ አልተስማማም። ባለ 60 በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ተበይዶ ቢሠራ በየዓመቱ ይፈታል፣ ይገጠማል፤ እንጨት ግን ለማገዶ ይሄዳል የሚል ነው። ክርክሩ ከዚያ ስለ ብረት ዋጋ ሆነ፤ አልዘግበውም።

7 ላይ ነገሩ ከበደ። የጻፈው ሰው ሁሉም ስለ ክብደት ሲጨነቅ ነፋስን የረሳ መሆኑን ገልጾ ስሌቱን አስቀመጠ። የነፋስ ግፊት በኒውተን በካሬ ሜትር 0.613 ሲባዛ በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሰከንድ 15 ሜትር ነው፤ ግፊቱ 138 ይሆናል። ባነሩ 7.2 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ 1,000 ኒውተን፣ በገበያ ቋንቋ 100 ኪሎ ገደማ ይገፋዋል። ይህ ግፊት 5.10 ሜትር ከፍታ ላይ ስላረፈ ሁለቱን ቋሚዎች በ510 ኪሎ ግራም ሜትር (ግፊቱ ሲባዛ በከፍታው) ለመገልበጥ ይገፋል፤ ለእያንዳንዱ 255።

10 አረመው፤ ጨዋነትም አልጎደለውም። 0.613 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስላለች አየሩ ቀጭን ነው፤ ግፊቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ 0.46 መወሰድ አለበት። 11 ደግሞ የእርማቱን እርማት አመጣ። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነፋስን የሚቀበልበት የቅርጽ ማባዣ 1.3 ገደማ ስለሆነ ከፍታው የቀነሰውን ሩብ እሱ ይመልሰዋል። ውጤቱ ያው 100 ኪሎ ነው። የ7ቱ ስሌት ሁለት ነገር ቢጎድለውም ቁጥሩ ቆመ። ከሸዋ ሮቢት የጻፈች አባል በ12 አንድ ነገር አከለች፤ በቆላ አየሩ ወፍራም ስለሆነ የደብረ ብርሃኑን ንድፍ እንዳለ አውርዶ እዚያ ማቆም አይገባም፣ ግፊቱ በስድስት አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። የባነር ፕላስቲክም በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ይላላል፣ በደብረ ብርሃን ሌሊት ይኮማተራል። ስለዚህ ቀለበቶቹ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ሆነው በሚለጠጥ ማሰሪያ እንጂ በጥቁር ሽቦ ድርቅ ተደርገው አይታሰሩ።

በ13 አንድ ሰው ባነሩን በምላጭ እየቀደዱ የግማሽ ጨረቃ ቀዳዳ ማውጣት ነፋሱን እንደሚያሳልፍ መከረ። 14 ይህን ሳይለዝብ መለሰ። እንዲህ ያሉ ጥቂት ቀዳዳዎች የሚቀንሱት ኢምንት ነው፤ ጨርቁ ግን ከቀዳዳው ጀምሮ እስከ ጠርዙ ይተረተራል። ነፋስ እንዲያልፍ የፈለገ ወንፊት መሰል ባነር ያሳትም፤ አለዚያ ስፋቱን ይቀንስ። እኔም የምስማማው ከ14 ጋር ነው፤ የቃሉ ሻካራነት ቢቀርም።

የክሩ ልብ 15 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ በመንገዱ ላይ ኮብልስቶን ስላለ መቆፈር እንደማይቻል፣ ከሥርም የውሃ መስመር ሊኖር እንደሚችል አንሥቶ፣ ቋሚዎቹን አሸዋ በተሞላ በርሜል ውስጥ ማቆም እንደሚሻል ጠቁሞ ነበር። በየበዓሉ የምናየውም ይህንኑ ነው። 15 ግን በርሜሉን መዘነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል አሸዋ ሲሞላ 320 ኪሎ ገደማ ነው። ሲዘም የሚዞረው በግርጌው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 320 ሲባዛ በ0.28፣ 90 ኪሎ ግራም ሜትር። የሚያስፈልገው 255 ነው። በርሜሉ ከባድ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ጠባብ ስለሆነ ይገለበጣል። መፍትሔው ክብደቱን ማራቅ ነው፦ ከእያንዳንዱ ቋሚ ሥር 1.20 ሜትር ወደ ፊት፣ 1.20 ሜትር ወደ ኋላ የሚዘረጋ እግር። አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.40 ሜትር ስለሆነ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ጫፍ ላይ 106 ኪሎ ቢቀመጥ ይመዛዘናል። 50 ኪሎ አሸዋ የያዘ ማዳበሪያ ሦስት ሦስት በየጫፉ፣ ጫፎቹ አራት ናቸውና በጠቅላላው 12 ማዳበሪያ፤ መጠባበቂያም ይተርፋል። ከጫፉ ተነሥቶ ቋሚውን 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚይዝ ሰያፍ ድጋፍ ግን የግድ ነው። እሱ ከሌለ እግሩ ተጋድሞ ይቀራል፤ ቋሚው ቡሎኑ ላይ ዞሮ ይወድቃል። ሰያፉ የጎን እይታ ላይ ካልተሣለ አናጢው አይሠራውም።

በ16 አንድ አባል እግር ከሚወጣ በገመድ መወጠር እንደሚቀል ጽፎ ነበር፤ 17 እጅግ ተቆጣ። ምእመን በእልልታ እየተጋፋ፣ ሕፃናት እየሮጡ፣ ካህናት በዝማሬ እየተራመዱ በሚያልፉበት ገመድ መወጠር ሰው መጣል ነው። ቃሉ ጠነከረ፤ አወያዩም አለዘበው። ነገሩ ግን እውነት ነው። በተጨማሪም የቃጫ ገመድ በሌሊቱ ጤዛ ይጠብቃል፣ ረፋድ ላይ ሲደርቅ ይላላል፤ የናይሎኑ ደግሞ ሲወጠር ይለጠጣል። በደብረ ብርሃን የጥር ውርጭ ጠዋት ቀጥ ብሎ የተገኘ ቅስት እኩለ ቀን ላይ ሊዘም ይችላል።

18 እና 19 ስለ ሰንደቅ ዓላማ ነበሩ፤ ከሥራው ወጥተው ወደ ፖለቲካ ስለገቡ አወያዩ አንሥቷቸዋል።

20 ጎበጡን ስለ መሣል ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ መልስ ነው። የ6 ሜትር ስፋትና የ1.50 ሜትር ጉብታ ያለው ቅስት ራዲየሱ የስፋቱ ካሬ ለስምንት እጥፍ ጉብታው ተካፍሎ፣ የጉብታው ግማሽ ሲደመርበት ነው፤ 3.75 ሜትር ይመጣል። ወረቀት ላይ በኮምፓስ ይሣል፤ እንጨቱ የሚቆረጠው ግን መሬት ላይ በሙሉ ልኩ ከተሣለ በኋላ ነው። ደልደል ባለ ግቢ ችካል ይተከላል፣ 3.75 ሜትር ሲባጎ ይታሰራል፣ ጫፉ ላይ ኖራ የያዘ ቆርቆሮ ይዞ ይዞራል። ቦታው ጠባብ ከሆነ በነጥብ ይሠራል፦ ከመሐሉ ላይ 1.50፣ 1 ሜትር ወደ ጎን 1.36፣ 2 ሜትር ላይ 0.92፣ 3 ሜትር ላይ ዜሮ። ነጥቦቹን ተከትሎ እርጥብ ሸንበቆ በችካል መሐል ይታጠፋል፤ አምስት አምስቱ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል፣ እስኪደርቅ አይነቀልም። ቶሎ የተነቀለ ሸንበቆ ወደ ቀጥታው ይመለሳል።

ሐረጉን በተመለከተ መምህሩ በ21 ተመለሱ። አንዱን ድግግሞሽ ብቻ በደንብ ሠርቶ በካርቶን ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ እያዞሩ መቅዳት። የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነውና መስቀሉ 1.30 ሜትር ሆኖ ከተሣለ ከአንድ ሰሌዳ ሁለት አይወጣም፤ 1.20 ቢሆን ከአንዱ ሰሌዳ ሁለት ይወጣል፣ ፊትና ኋላ ይሸፈናል። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ሌሊት ደጅ ላይ አይቀባ፤ ብርዱ አያደርቀውም፣ ጠዋት ይላጣል። ፊደሉም ከ40 ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በእግርና በቀለበት ላይ ስለሆነ ቀጭን ጽሕፈት ከሩቅ ይዋሐዳል። ባነሩ 1.20 ስለሆነ ሁለት መስመር ይችላል፤ ሦስተኛ መስመር የጨመረ ሦስቱንም ያጠፋል።

22 ሥዕለ አድኅኖ ባነሩ ላይ ይታተም ወይ የሚል ነበር፤ በሥሩ የመጡት ሦስት አራት አጫጭር መልሶች ጠንከር ያሉ ናቸው። የጋራ ሐሳባቸው ይህ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ተጠቅልሎ መጋዘን የሚጣል፣ ምናልባትም የሱቅ ጥላ የሚሆን ፕላስቲክ ላይ ቅዱስ ሥዕል አይታተም። መስቀልም ምንጣፍ ላይ አይሠራ፣ ይረገጣልና። ሐረግና ጽሑፍ ይበቃሉ፤ የተጠራጠረ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ይጠይቅ። በዚያው ላይ አንዱ ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡን አስታውሶ አርማው እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ አርማው ያለ ፈቃድ እንደማይወሰድ ወዲያው ተነገረው።

በ23 ከመሐል ሜዳ የጻፈ ሰው ቋሚዎቹን በጓሳ ሣር ማልበስ እንደሚያምር ጠቆመ። ማማሩ አያከራክርም። ነገር ግን የመንዝ ጓሳ በማኅበረሰቡ ሕግ የሚጠበቅ፣ የሚታጨድበትም ጊዜ የተወሰነ እንደሆነ ራሱ ጨምሮ ጽፏል፤ ያለ ፈቃድ የሚመጣ ሣር ሌብነት ነው። የወፍ ዋሻን ደን ጥድ መቁረጥማ አይነሣ። ደረቅ ሣር ደግሞ ሻማና ጧፍ ከያዘ ሕዝብ ጋር አይስማማም። ለልባስ ቄጠማ ይሻላል፤ በጠዋት ታጭዶ ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ለከተራ የታሰረው በማግስቱ ይለወጣል።

24 ከቅስቱ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚዘረጋው የሦስት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ስፋቱ 20፣ ቁመቱ ከነማጠፊያው 33 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ እያገለባበጡ ቢቆረጥ፣ ባለ 1.50 ወርድ ጨርቅ በአንድ ሜትር 42 ይወጣዋል። ለ12 ሜትር ሲባጎ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 40 ይበቃል። ስለዚህ ለአንድ መስመር አንድ ሜትር ጨርቅ። ንጹሕ ስሌት ነው። ግን በሲባጎ ፋንታ ቀጭን ሽቦ ተጠቅሞ ከመብራት ምሰሶ ወደ ምሰሶ መወርወር ቶሎ እንደሚያልቅ ጨመረበት፤ ክሩ የተቀጣጠለው በዚህ ነው። 25 እንዲህ ያለ ምክር መጻፍ ወንጀል እንደሆነ እስከ መናገር ደረሰ። የከተማ መስመር ላይ 15 ኪሎ ቮልት አለ፤ እርጥብ ሲባጎ እንኳ አይታመንም፣ ሽቦማ ይዞ ይገድላል። ከማንኛውም መስመር 3 ሜትር መራቅ፣ የአሉሚኒየም መሰላል አለመያዝ፣ ምሰሶ ላይ ምንም አለማሰር። የ24ቱ ጸሐፊ ያንን ክፍል አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።

መብራቱን ከሰው ቤት ሶኬት ከመሳብ በ12 ቮልት መሥራት እንደሚሻል 26 ዘርዝሮታል። ሲሊኮን የለበሰ የ5 ሜትር ኤልኢዲ ጥቅል 24 ዋት ከሆነ 2 አምፔር ይወስዳል፤ የ60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወጣ 15 ሰዓት ያበራል፤ ከከተራ ምሽት እስከ ንጋት ይበቃል። ባትሪው ራሱ እግሩ ላይ ክብደት ይሆናል። እዚያው ላይ አንድ አባል ይኸው ቅስት ለመስከረም 16 ደመራ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ይሆናል፤ ነገር ግን ደመራው ወደየት እንደሚወድቅ አይታወቅምና ከቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ፣ ለ8 ሜትር ደመራ 12 ሜትር። መሬቱም በክረምቱ ገና እርጥብ ስለሆነ ከእግሮቹ ሥር ጣውላ ይነጠፍ።

በ27 ጠያቂው አዲሱን ንድፍ ለጠፈ። ሦስቱም እይታ አለ፤ እግሩ፣ ሰያፉ፣ 12ቱ ማዳበሪያ በቁጥር ተጽፈዋል፤ ሁለቱ የላይ ማዕዘኖች 80 ሴንቲ ሜትር ድጋፍ አላቸው። አንድ ነገር ግን ጨምሯል። ከባነሩ በላይ ያለውን ጎበጥ በጨርቅ ሞልቶታል፤ ባዶው ደብዛዛ ስለመሰለው ነው።

28 በአጭሩ ሠራው። የዚያ ጎበጥ ስፋት 6.3 ካሬ ሜትር ነው፤ ከባነሩ ብዙም አያንስም። ግፊቱ 87 ኪሎ ያህል ሆኖ 6.30 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚያርፍ ብቻውን 550 ኪሎ ግራም ሜትር ያመጣል፤ ባነሩ ከሚያመጣው ይበልጣል። 12ቱ ማዳበሪያ ከ24 በላይ ይሆናል፤ ባለ 12 አጠናውም አይበቃም። የቅስቱ አናትም 7.20 ሜትር ስለሆነ ከላይ መስመር በማያልፍበት ቦታ ብቻ እንደሚቆም የላይ እይታው ላይ ይጻፍ። ጠያቂው ጨርቁን አውጥቶ በጎበጡ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን ጥብጣብ ብቻ እንደሚያንጠለጥል፣ ቦታውንም በሜትር ለክቶ እንደሚመለስ ጽፏል። ክሩ አሁንም ክፍት ነው።